የሦስት ሰከንድ ጨለማ

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ በተሸፈኑበት አሮጌ ቤት ውስጥ መብራት ለሦስት ሰከንድ ጠፍቶ ተመልሶ በራ። ሲበራ፣ ነጭ ለብሶ የሙት መንፈስ ሆኖ ይጫወት የነበረው ወጣት መደገፊያ ከሌለው ደረጃ ግርጌ አንገቱ ተሰብሮ ወድቋል። ከበሩ አጠገብ ቆማ የምትጮኸው ተዋናይ የእናቱ ልጅ፣ ታናሽ እህቱ ነበረች።

ይቀርጹ የነበረው ሊሠሩት ላሰቡት አስፈሪ ፊልም የአንድ ደቂቃ ማስታወቂያ ነው። ደንቡን ሁሉም ያውቀዋል፦ ዝምታ፣ የበር ሲጥታ፣ ጥቁር ስክሪን፣ ከዚያ ድንገተኛ ጩኸት።

ጥፋቱ በቀረጻው የመብራት ሠራተኛ ላይ ወደቀ። የሟች አብሮ አደግ ነው፤ እህቲቱ «ወንድም ጋሼ» እያለች ነው ያደገችው። በቀብሩ ዕለት ግን ሰው ፊት «ወንድሜን ገድለህ ልታለቅስለት መጣህ?» አለችው። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አልዞረም። እሱ ካልሆነስ?

በአምስተኛው ቀን የፖሊስ መርማሪዋ በቀረጻው የነበሩትን አራቱንም፣ ዳይሬክተሩን፣ ቀራጿን፣ የመብራት ሠራተኛውንና እህቲቱን፣ እዚያው ቤት ሳሎን ሰበሰበቻቸው። አጭር፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት።

«መብራት እኮ ነው፤ ሲያሰኘው ይሄዳል» አለ ዳይሬክተሩ።

«ካሜራው በባትሪ ስለሚሠራ ጨለማውንም ቀርጾታል። ስሙት» አለች መርማሪዋ።

በቅጂው ላይ፣ በጨለማው መሃል፣ ከጓዳ የአሮጌው ማቀዝቀዣ ጉርምርምታ ሳይቋረጥ ይሰማል። ጩኸቱ ሲደርስ እህቲቱ ጆሮዋን ያዘች።

«መብራት ቢሄድ ማቀዝቀዣው ዝም ይል ነበር። ያጠፋው የሰው እጅ ነው።»

ሁሉም ወደ መብራት ሠራተኛው ዞሩ።

«እኔ ግቢ ነበርኩ። ገመድ አምጣ ብሎኝ» አለ፣ ዳይሬክተሩን በአገጩ እያመለከተ።

«ማን አየህ?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ማንም።»

መርማሪዋ ወደ ቀራጿ ዞረች። «ጥቁሩ ስክሪን የሚሠራው መብራት ጠፍቶ ነው?»

«ኧረ እትዬ፣ እሱንማ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ነው የማስገባው። ለዚያ ብሎ መብራት የሚያጠፋ ካለ ካሜራዬን ጥዬ ሽንኩርት እነግዳለሁ።»

«እንግዲያው ጨለማው ለተመልካች አልነበረም፤ እዚህ ቤት ለነበረ ሰው ነው። ለመሆኑ ቀረጻ ላይ ሰው ቢያስነጥስ ዳይሬክተራችሁ ምን ይላል?»

«ቁረጥ» አለች ቀራጿ።

«ሆዴ ጮኸ ብሎም አስቁሞኛል» አለ የመብራት ሠራተኛው። ቀራጿ ልትስቅ ብላ አፏን ያዘች።

«ያን ቀን አሥራ አንድ ጊዜ አስቁሟል። መብራት ሲጠፋ ግን ትንፍሽ አላለም።» መርማሪዋ ወደ ዳይሬክተሩ ቀረበች። «ያልጠበቀው ነገር የገጠመው ሰው ይጮኻል፤ አንተ ግን ዝም ብለህ ትቆጥር ነበር። የቀራጿ ሁለቱም እጆች ካሜራው ላይ ነበሩ። የመብራት ሠራተኛውን ወደ ግቢ የላክኸው አንተ ነህ። ማጥፊያው ደግሞ ከወንበርህ ጀርባ ነው።»



«ጩኸቷ አላሳመነኝም» አለ ዳይሬክተሩ መሬት መሬቱን እያየ። «አሥራ አንድ ጊዜ ሞከርን። ድንገት ቢጨልምባት ከልቧ ትደነግጣለች ብዬ ነው። ወንድሟም ደረጃው ላይ ባለበት ይቆማል መስሎኝ።»

«ለእሱ እንኳ ብትነግረው ምን ነበረበት?» አለች እህቲቱ።

«ይነግርሻል ብዬ። ከአንቺ የሚደብቀው ነገር አልነበረውም።»

እህቲቱ ወደ መብራት ሠራተኛው ስትዞር ኮቱን ለብሶ በሩ ጋ ደርሷል።

«ወንድም ጋሼ...»

«አይዞሽ» ብሏት ወጣ። ወደ ኋላ አልዞረም።

ዳይሬክተሩ አራት ዓመት ተፈረደበት፤ ፊልሙም አልተሠራም። ከሁለት ወር በኋላ እህቲቱ ይቅርታ ልትጠይቅ የመብራት ሠራተኛውን ቤት አንኳኳች። የከፈተችላት አዲሷ ተከራይ፣ ሰውየው ከተማውን ለቆ ከሄደ ሁለት ሳምንት እንደሆነው ነገረቻት።