የመሥራቹ ሰባት ድንጋዮች

በዘልዓር መንግሥት ለሦስት መቶ ዓመት ታይቶ የማይታወቅ ምልክት የታየው በንጉሥ አርዳሚን የዘውድ በዓል ማለዳ ነበር፤ የከተማይቱ ታላቅ ምንጭ በአንድ ጀምበር አንድ ክንድ ጎደለ። ሕዝቡ እየጮኸ ወደ ማያት አዳራሽ ጎረፈ። በአዳራሹ መካከል ባለው ታላቅ የመስታወት ገንዳ ውስጥ፣ ከመላእክተ ማይ አንዱ በጎኑ ተንሳፍፎ ተገኘ።

መላእክተ ማይ ጥቁር መስመር የወረደባቸው፣ ስስና ብርማ ዓሦች ናቸው፤ ክንፋቸው ከገላቸው ይረዝማል። የመንግሥቱ መሥራች «እነርሱ እስከዋኙ ድረስ ምንጩ ይፈልቃል፤ የመጨረሻው በሞተ ዕለት ግን ዘልዓር አሸዋ ትሆናለች» ብሎ ተንብዮ ነበር። አሁን የቀሩት አራት ብቻ ናቸው፤ አራቱም አርጅተው እንቁላል መጣል ትተዋል።

አዲስ ዓሣ ማምጣት ሳይሞከር ቀርቶ አይደለም። ዘጠኝ ጊዜ አንድ አንድ ዓሣ ከሩቁ የጽልመት ወንዝ ተይዞ መጣ፤ ዘጠኝ ጊዜ በጠራራ ቀትር፣ በመለከትና በነጋሪት ወደ ገንዳው ተለቀቀ። ዘጠኝ ጊዜም ነባሮቹ እንግዳውን ጥግ አስይዘው፣ ክንፉን ዘነጣጥለው ገደሉት። የገንዳው አለቃ ሊቀ ማያት ደንጎላት «ደሙ ያልጠራ ነበር» ይሉና በሚቀጥለው ዓመት የበለጠ ትልቅ ነጋሪት ያሠሩ ነበር። አንዳንድ ሰው ሹመቱ ሲበዛ ዓይኑ ይቀንሳል።

የገንዳው ጠባቂ ማዕዶት የሃያ ዓመት ወጣት ናት። እናት አባቷን በሕፃንነቷ አጥታ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ስላደገች፣ ከገንዳው ሌላ ቤት አታውቅም። ከአራቱ ዓሦች ትልቋን «እቴጌ» ትላታለች፤ እቴጌም ከእጇ ትበላለች። ያን ዕለት ማዕዶት ሕዝቡን ሰንጥቃ በንጉሡ ፊት ቆመች።

«ጃንሆይ፣ እቴጌ ክፉ አይደለችም» አለች። «እያንዳንዱን ድንጋይ የእኔ ነው ብላ ስለምታውቅ ነው። እንግዳው ደግሞ ብቻውን ይመጣል፤ የቁጣዋን ሁሉ እሱ ይሸከማል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ እኔ ስድስት አመጣለሁ፤ በአንድ ቀንም አስገባቸዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን መሥራቹ በገንዳው ውስጥ ያኖራቸውን ሰባት ድንጋዮች ከቦታቸው አነሣለሁ።»

አዳራሹ ተናወጠ። ሊቀ ማያት በትራቸውን ወደ በሩ ጉበን ዘረጉ። በዚያ የተቀረጸውን ሕፃናት እንኳ በቃላቸው ያውቁታል፦ ድንጋዬን ያነሣ ሰው የዘልዓርን ውሃ ዳግመኛ አይጠጣም።

«ይህ የሰው ሕግ አይደለም!» አሉ። «ውሃው ራሱ ይፈርድብሻል!»

«ይፍረድብኝ! ሕጉን ስንጠብቅ ምንጩ ከደረቀ፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ ሕግ ሊጠጣ ነው? በእቴጌ ክንፍ እምላለሁ፤ ስድስቱን ሳልይዝ አልመለስም! ተመልሼም ድንጋዮቹን አልፈራም!»

ንጉሡ ዝም አሉ። ማዕዶት ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ ቆጥራ ወጣች።

የተከተላት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ድንጋይ ጠራቢው ጋሞል። «በዚህ ክንድሽ ሰባት ድንጋይ? ሰባት ሽንኩርትም አታነሺ!» እያለ መንገዱን ሙሉ አሾፈባት። በስድስተኛው ቀን ጽልመት ወንዝ ደረሱ። ማዕዶት እስከ ወገቧ ገብታ መረቡን ስትስብ፣ ወንዙን የሚጠብቀው ባለ ሁለት ራስ ዘንዶ ከሥሯ ተነሣ። ጋሞል በመዶሻው አንዱን ራስ ፈረከሰው፤ ሌላው ግን ቀኝ ክንዱን ከነትከሻው ነከሰው። ማዕዶት የወደቀውን መዶሻ አንሥታ የዘንዶውን ዓይን አፈረጠችው፤ አውሬውም እያጓራ ወደ ጥልቁ ሰመጠ።

በመረቡ የተያዙት ስድስቱ ዓሦች ውሃ በተሞላ የቆዳ ስልቻ ውስጥ ደህና ነበሩ። የጋሞል ክንድ ግን ከዚያ በኋላ አልታዘዘውም።

«እንግዲህ ሽንኩርቱን ማን ሊያነሣልሽ ነው?» አላት ከንፈሩን ነክሶ። ማዕዶት ቁስሉን እያሰረች አለቀሰች።

ሲመለሱ ከምንጩ የቀረው እንደ ጣት የቀጠነ ውሃ ነበር፤ ከአራቱ ዓሦችም ሁለቱ ሞተዋል። ማዕዶት ነጋሪት መቺዎቹን ከአዳራሹ አባረረች፤ መስኮቶቹን በወፍራም ቆዳ አስጋረደች። የስልቻውና የገንዳው ውሃ ሙቀት እስኪስተካከል ስልቻውን በገንዳው ላይ አንሳፈፈችው፤ ከገንዳውም በጭልፋ ጥቂት በጥቂት እየቀዳች ጨመረችበት። እቴጌንና ጓደኛዋን እስኪጠግቡ መገበቻቸው። ከዚያ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ወደ ገንዳው ገባች።

ጋሞል በደህናው ትከሻው ሊያግዛት ተንደረደረ።

«ተመለስ ወንድምዓለም! አንተ ልጆች አሉህ፤ የአገርህን ውሃ ትጠጣለህ!»

የመጀመሪያው ድንጋይ ሲነቃነቅ እንደ ሰው አቃሰተ። በሦስተኛው ጥፍሯ ተነቀለ። በአምስተኛው ገንዳው መናወጥ፣ ውሃው መጮኽ ጀመረ፤ ሊቀ ማያትም «ውሃው ተቆጣ!» ብለው በግንባራቸው ተደፉ።

«ውሃን ምን ያናግረዋል ቢሉ ድንጋይ!» አለች ማዕዶት እያለከለከች። «ይናገር! ሦስት መቶ ዓመት ዝም ብሏል!»

ሰባተኛውን ገልብጣ የስልቻውን አፍ ፈታች። ስድስቱ እንግዶች ወጡ። እቴጌ ክንፏን ነፍታ ተወረወረች፤ አንዱን ገፋች፣ ሌላውን አሳደደች። ከዚያ ወደ ድንጋይዋ ዞረች፤ ድንጋይዋ በቦታው የለም። በገዛ አገሯ ባዳ ሆናለች። ግራ ቀኝ አየች፣ ደከማት፣ እንደ እንግዶቹ አዲስ ጥግ ፍለጋ ሄደች። አንድም ክንፍ አልተቀደደም። ከውጭ የምንጩ ድምፅ እንደ ነጎድጓድ ተሰማ፤ ሕዝቡም እልል አለ።

ንጉሡ በገዛ እጃቸው ዋንጫ ሞልተው ወረዱ። «ምሬሻለሁ ልጄ፤ ጠጪ።»

ማዕዶት ዋንጫውን ወደ አፏ አስጠጋች። ውሃው ከንፈሯን ሲነካ ደረቅ አሸዋ ሆነ። ተፋችው፤ ራሷንም ቀና አደረገች።

«ምሕረትዎን ተቀብያለሁ ጃንሆይ። ውሃው ቃሉን ጠብቋል፤ እኔም የሠራሁትን አልክድም። ድንጋዮቹን ማንም እንዳይመልሳቸው!»

ከዚያ መዳፏን በመስታወቱ ላይ አሳረፈች። እቴጌ መጥታ ከመዳፏ ትይዩ ቆመች። ማዕዶት ያን ጊዜ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወጣች፤ ከሞላው ምንጭ አጠገብ እየተጠማች አለፈች።

በሁለተኛው ቀን ከድንበሩ ማዶ ካለ የባዕድ አገር ጉድጓድ ደረሰች። ምላሷ ደርቆ ከላንቃዋ ተጣብቋል። ሴቶቹ እንስራቸውን በጉድጓዱ ዙሪያ ደርድረው ይጫወቱ ነበር፤ ሲያዩዋት እንስራቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ጥግ ላይ ባዶ ቦታ ነበር። ማዕዶት ግን ጥግ ይዘው የሞቱትን ዘጠኙን እንግዳ ዓሦች አስታወሰች። ወደ ጥጉ አልሄደችም፤ ቀጥ ብላ ወደ መካከላቸው ገባች።

«ማዕዶት እባላለሁ» አለች። «የመጣሁት ከዘልዓር ነው። ጠምቶኛል።»

አንዳንዶቹ ፊታቸውን አዞሩባት። እሷም አልተንቀሳቀሰችም። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ከእግር እስከ ራሷ አዩዋትና እንስራቸውን ገፋ አድርገው ቦታ ለቀቁላት።