በኮፈኑ ሥር የሚተነፍሰው

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ ከድር በእንዲህ ዓይነት ወሬ ከሚደነግጡት ሰዎች አይደለሁም፣ እንዲያውም ሰው ጂን አየሁ ሲለኝ መነጽር ግዛ የምል ነኝ። አባቴ ከስልጤ መጥቶ ሶዶ ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው፣ እኔ ሚዛኑን ትቼ መፍቻ ያዝኩ፣ ይኸው ፀጉሬ እስኪሸብት ጋራዥ ውስጥ ነኝ። ጂን መኖሩን ሃይማኖቴ ነግሮኛል፣ አልክድም፣ መኪና ውስጥ ሥራ እንዳለው ግን ማንም አልነገረኝም። መኪና የሚንኳኳው የላላ ብሎን ስላለ ነው፣ የሚያፏጨው የተቀደደ ጎማ ስላለ ነው፣ በቃ። ደንበኛ መጥቶ "መኪናዬ ላይ የሆነ ነገር አለ" ሲለኝ "አዎ፣ አንተ አለህ" እለው ነበር። አሁን እንደዚያ ማለት ትቻለሁ።

ዕለቱ ከሶዶ ቁልቁል ባለችው በተበላ ከተማ የገበያ ቀን ነበር። ባለቤቴ ነጅማ ጨርቅ ትነግዳለች፣ በገበያ ቀን ተበላ ትወርዳለች፣ እኔም የአንድ ሰው ወፍጮ ሞተር ላይ ልሠራ አብሬያት ወርጄ ነበር። ነጅማ አስም አለባት። ካገባኋት ጀምሮ ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ ሲጀምራት ደረቷ እንደ አሮጌ በር ሲር ይላል፣ ከዚያ እየጠበበ እየጠበበ ይሄዳል፣ እኔም አብሬያት አየር ያጥረኛል። ያን ቀን የገበያው አቧራና የበርበሬው ብናኝ ተባብረው ያዟት፣ የምትስበው መድኃኒት ደግሞ አልቆባት ኖሯል። ጠርተውኝ ስደርስ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ አየር ትለምናለች። ሚኒባስ እስኪሞላ መጠበቅ የማይታሰብ ነገር ነበር።

አላህ ሲያወጣን ጦና እዚያው ነበር። ጦና የልጅነት ጓደኛዬ ነው፣ አፉን የፈታው በወላይትኛ ስለሆነ አማርኛ ላይ እሱና እሷ ይምታቱበታል፣ ዝንጅብል የሚጭንባት፣ የኋላ ወንበርም ያላት አሮጌ ባለ ቱርቦ ፒክአፕ አለችው። "ከድሬ፣ አስገባት፣ ወሬ ተወው፣ አስገባት!" አለኝ። ነጅማን ከኋላ አስቀመጥናት፣ መስኮቱን ከፈትንላት፣ ወደ ሶዶ በረርን።

ዳገቱን ስንጀምር ነው ፉጨቱን የሰማሁት። ቱርቦ ያፏጫል፣ የታወቀ ነው፣ ግን የቱርቦ ፉጨት ነዳጅ ስትረግጥ ይወጣል፣ እግርህን ስታነሳ ይወርዳል። ይህኛው ግን የጦናን እግር አይሰማም ነበር፣ በራሱ ጊዜ ይመጣል፣ በራሱ ጊዜ ይሄዳል። የነጅማ ደረት ነው ብዬ ዞር አልኩ፣ እርግጥ እሷም ሲር ትላለች፣ ድምፁ ግን ከፊት ነው፣ ከእግሬ ማዶ።

"ሬዲዮኑ ነው እንዴ?" አለ ጦና። የሬዲዮኑ ቦታ ባዶ ቀዳዳ መሆኑን እሱም ያውቃል፣ ግን እንዲያው የሚለው አጥቶ ነው።

ተበላ ላይ አቧራ፣ ዳገቱ ላይ ጉም፣ የእኛ አገር እንዲህ ነው፣ ከፍ ስንል ጉሙ ዋጠን። ወዲያው ከኋላችን ሰማያዊ ጭስ መንገዱን ሞላው፣ የዘይት መብራቷ ቦግ አለች፣ ዳር ይዘን ቆምን። "ቱርቦው ሞተ!" ብሎ ጦና ራሱን ያዘ። የሶዶ ባለመኪና ጭስ ካየ ቱርቦው ሞተ ይላል፣ ሬሳውን ሳያይ ለቀስተኛ ይጠራል። "ሚስቴ እየሞተችብኝ ነው፣ ቱርቦህን ተወውና ኮፈኑን ክፈት!" ብዬ ጮህኩበት።

ሞተሩ በዘይት ታጥቧል፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ ተስፈንጥሮ ወጥቷል። ገና ሳየው ገባኝ። ነገሩ ቀላል ነው፣ ያረጀ ሞተር ከፒስተኑ ጎን ጋዝ ያሾልካል፣ ያ ጋዝ ወደ ታች ወደ ዘይቱ ክፍል ይወርዳል፣ መውጫ ያስፈልገዋል፣ መውጫው መተንፈሻ የምንላት የጎማ ቱቦ ናት። እሷ ከተደፈነች ጋዙ ዘይቱን ባገኘው ቀዳዳ ይገፋዋል፣ የቱርቦው ዘይትም መመለሻ ያጣና ከጭሱ ጋር ይነዳል። ለማረጋገጥ የምሠራው ዘዴ አለኝ፣ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታሁና አፉ ላይ ከመኪናው ውስጥ ያገኘሁትን ነጭ ፌስታል በክር አሰርኩ፣ "አስነሳት!" አልኩ። ፌስታሉ ባንዴ ተወጠረ፣ ሊፈነዳ። "አጥፋት! ተደፍኗል!"

ቱቦዋን በእጄ እየዳሰስኩ ስከተላት ጫፏ ላይ የበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፎባታል።

"እኔ ነኝ፣" አለ ጦና አንገቱን ደፍቶ፣ "ዘይት እያንጠባጠበ ግቢው ሁሉ ተበላሸች፣ ሰዎቹ ተቆጡኝ፣ ደፈንኩት።"

"አፍንጫህን ልድፈንልህ? ሂድ፣ ነጅማን ደግፍልኝ!" አልኩት፣ ሄዶ አጠገቧ ገባ። እኔ ፒንሳ ፍለጋ ጎንበስ አልኩ። ቆረቆንዳውን ነቅለን፣ የቀረችውን ዘይት ጨምረን ሶዶ እንደርሳለን፣ ሐሳቤ ይኸው ነበር።

ከገበያ የሚመለስ አንድ ሰው አህያውን እየነዳ በጉሙ ውስጥ ወጣ። አህያዋ የተከፈተው ኮፈን ፊት ስትደርስ ቀጥ አለች። ሰውዬው መታት፣ ጎተታት፣ እምቢ አለች፣ በመጨረሻ ቦይ ውስጥ ገብታ በሩቁ ዞራ አለፈች። አህያ ምን ታውቃለች ብዬ ቀና አልኩ፣ ያኔ ነው ፌስታሉን ያየሁት።

ሞተሩ ጠፍቷል፣ ፌስታሉም ሟሽሾ ነበር። አሁን ግን ቀስ እያለ ተነሳ፣ ሞላ፣ ቀስ እያለ ደግሞ ወረደ። የጋለ ሞተር ነው፣ ሙቀት ነው አልኩ። ሙቀት ግን አንዴ ቢነፋው ነው፣ ሲበርድም አንዴ ቢስበው ነው፣ ይነሳል ይወርዳል፣ ይነሳል ይወርዳል የሚባል ነገር የለም። ነፋስ ይሆን ብዬ ከመንገዱ ዳር ያለውን እንሰት አየሁ፣ አንድ ቅጠል አይነቃነቅም። ደግሞ በተነሳ ቁጥር ከውስጥ ሲር የሚል ቀጭን ድምፅ ይወጣል፣ ወላሂ ያን ድምፅ ከሺህ ድምፅ መሃል እለየዋለሁ፣ ስንት ጊዜ ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ድምፅ ነው።

እንግዲህ የመካኒክ ጠባይ ክፉ ነው፣ ያልገባንን ነገር ሳንነካ አናልፍም። የፌስታሉን አንገት በጭብጤ ጨምቄ ያዝኩት።

"ከድሬ!" ጦና ከውስጥ ጮኸ፣ "ከድሬ፣ ታፈነች! ትንፋሹ ቆመች! ጦሳው! ጦሳው!" እያለ በቋንቋው አምላኩን ተጣራ።

እጄን ለቀቅኩ። ከውስጥ ነጅማ ከጉድጓድ እንደወጣ ሰው አየር ስትስብ ሰማኋት፣ በዚያው ቅጽበት ፌስታሉ እጄ ሥር ተነሳ።

ፈራሁ። የማውቀው ዱዓ ሁሉ ጠፋብኝ። ግን እመኑኝ፣ ከዚህም በኋላ ልቤ አላመነም፣ አጋጣሚ ነው አልኩና በሁለት ጣቴ ብቻ፣ በስሱ፣ ፌስታሉን ጫን አደረግኩት። ከውስጥ አሳላት። አነሳሁ፣ ሳሉ ቆመ። ሦስተኛ አልደገምኩም። እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ የገዛ እጄን እየፈራሁ ቆምኩ።

አሁን ምን ላድርግ? ቆረቆንዳው ካልተነቀለ መኪናዋ አትሄድም፣ መኪናዋ ካልሄደች ነጅማ ሐኪም ዘንድ አትደርስም፣ ብነቅለው ደግሞ ምን እንደምነቅል አላውቅም። ወደ ሶዶ የሚያልፍ መኪና ድምፅ እንኳ የለም። ጦና በመስኮቱ "ከድሬ፣ እየደከመች ነው፣ የሆነ ነገር አድርግ!" ይላል፣ ፌስታሉም እውነትም ግማሽ ድረስ ብቻ መነሳት ጀምሯል፣ ከዚያ ሩቡን ብቻ፣ ከዚያ እንደ መንቀጥቀጥ ብቻ።

ቢስሚላህ ብዬ ቆረቆንዳውን በፒንሳ ነቀልኩት።

ቱቦዋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፣ ክንዴ ላይ፣ ሞቃት፣ እርጥብ ትንፋሽ። የተቃጠለ ዘይት ይሸታል ብዬ ጠብቄ ነበር። የሸተተኝ ቅርንፉድ ነው። ነጅማ ለደረቷ ብላ ቅርንፉድ ታኝካለች። ፌስታሉ ተጣጥፎ ወደቀ፣ ከጋቢናው ውስጥም ድምፅ ሁሉ ጠፋ፣ የሲርታው ድምፅ ራሱ ጠፋ፣ እኔም በቃ፣ ገደልኳት አልኩ።

"ከድር፣ ውሃ ስጠኝ፣" አለች።

ሮጥኩ። ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፣ ከንፈሯ ቀልቷል፣ ደረቷ ውስጥ ምንም አይጮኽም። አልቅሼ አቀፍኳት። እሷ ግን ገፋ አድርጋኝ አፏን በሻሿ ጠረገችና ተቆጣችኝ፣ "ለምን አፌን ታፍነኛለህ? በዚያ በዘይት እጅህ!" አለች። ከኮፈኑ አጠገብ አልተንቀሳቀስኩም ነበር። ጦና እንዳልሆነ ደግሞ እጁ ይመሰክራል፣ ንጹሕ ነው። ሻሿ ላይ ግን ጥቁር ዘይት ነበር።

ዘይቷን ሞልተን ሶዶ ደረስን፣ ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ ንጹሕ ነው አለ። አላመንኩም፣ ቆይቼ ዱቦ ሆስፒታል ወሰድኳት፣ እዚያም ንጹሕ ነው አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አስም የሚባል አልነካትም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደስ ሊለኝ ይገባል፣ ይለኛልም፣ ግን እንቅልፌ አብሮ ሄዷል። ጦና ያን ዕለት ቁልፉን እጄ ላይ ጥሎ ሄደ፣ ተመልሶ አልተቀመጠባትም፣ "ውሰዳት፣ ስሟን አታንሳብኝ" አለኝ። መኪናዋ ግቢያችን ቆማለች። ባትሪዋን ፈትቻለሁ፣ መተንፈሻዋን ክፍት አድርጌያለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ሳልቆርስ ሄጄ አያታለሁ። አንድ ጠዋት ተርብ የቱቦዋን አፍ እስከ እኩሌታ በጭቃ ደፍናው አገኘሁ፣ በስንጥር እንጨት ጠርጌ ገባሁ፣ ነጅማ ደጃፍ ላይ ቆማ "ዛሬ ሲነጋ አየሩ ከብዶኝ ነበር፣ አሁን ተወኝ" አለችኝ። ስንጥሩን ከጀርባዬ ደበቅኩት።

ለእሷ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። የእሷ ችግር ሌላ ነው፣ ግቢው ጠቧታል፣ መኪናዋ የቆመችበት ቦታ ላይ የጨርቅ መጋዘን መሥራት ትፈልጋለች። ሳላውቅ ብረት ከሚገዙ ሰዎች ጋር ተስማምታለች፣ ነገ ጠዋት መቁረጫ እሳታቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ሞተሩንም እዚያው በታትነው ይጭናሉ። አይሆንም አልኩ። ለምን አለች። ለዚህ ቆርቆሮ ብለህ ትጣላኛለህ ወይ አለች።

"እንግዲያው ምረጥ፣" አለችኝ፣ "ወይ እሷን ወይ እኔን!" እያሾፈች ነው፣ ስትለኝም ሳቀች፣ ረጅም ሳቅ፣ ድሮ እንዲህ ስትስቅ ደረቷ ያቋርጣት ነበር። ጦና ጋ ደወልኩ፣ "ጦሲ ያውቃል፣ አምላክ ያውቃል" ብሎ ዘጋብኝ። ነጅማ አሁን ጓዳ ሆና ጨርቅ እያጠፈች ታንጎራጉራለች፣ እኔ ግን ጆሮዬ ግቢው ላይ ነው።