ከሚሞሪ የወጣ ለቅሶ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሰቆጣ ገበያ መግቢያው ላይ፣ የሻሽወርቅ የገዛ ራሷን ለቅሶ ከባጃጅ ውስጥ ሰማችው።

መጀመሪያ አላመነችም። ከበሮ ገብቶበታል፤ ጭብጨባ ገብቶበታል። ድምፁ ግን የሷው ነው።

«አመተ ሥላሴ የቤቱ ምሰሶ፣
ልጅሽ ስትመለስ ማን ይውጣ ገስግሶ!»

ሄዳ ባጃጇ ፊት ተገተረች። ሾፌሩ አንዷለም ፍሬን ያዘ።

«እትዬ፣ ሊሞቱ ነው?»

«አጥፋው!»

«ምኑን? ይቺ እኮ የሰሞኑ ዘፈን ናት። አገር ምድሩ እየጨፈረባት...»

«ዘፈን? የእህቴ ሙሾ ነው፣ አንተ ውሪ! አፈር ካለበስኋት ወር አልሞላኝም!»

አንዷለም ክው አለ። አጠፋው።

«ከየት አመጣኸው?»

«ጓደኛዬ ላከልኝ። እኔም... ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት።»

«ስንት ሰው አለበት?»

«እኔ እንጃ፣ እትዬ።»

የሟች እህቷ ልጅ ኤደን ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች። የእናቷን ሞት አልሰማችም። ቀዶ ሕክምና አድርጋ ገና መነሣቷ ስለሆነ፣ በሚቀጥለው ወር አገሯ ስትገባ ቄስና ዘመድ ባለበት ሊያረዷት ቤተሰቡ መክሯል። በደወለች ቁጥር «እናትሽ ገጠር፣ ደሃና ወረዳ ሄዳለች፤ እዚያ ኔትወርክ የለም» እያሉ ይዋሿታል። አሁን መርዶዋ በባጃጅ ይዞራል።

የሻሽወርቅ ቀጥ ብላ ፖሊስ ጣቢያ ገባች። ሳጅን ካሤ ሰምቷት ሲያበቃ ራሱን አከከ።

«ኢንተርኔት ላይ የወጣን ነገር ማን ሰረቀው ይባላል፣ እትዬ? ሁሉም ያወርዳል፤ ሁሉም ያጋራል።»

«በሬዬን ነድተው ቢወስዱትም፣ በሬ ሁሉም ይነዳል ልትለኝ ነው?»

ካሤ ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ሲከት አየችው።

«አንተም ልከሃል!»

«ለወንድሜ ብቻ ነው» አለና አቀረቀረ። ከዚያ ኮፍያውን አነሣ። «ይምሩኝ፣ ልከተልዎት።»

የሻሽወርቅ ፊደል አልቆጠረችም። የወጣላትን ሙሾ ግን መቼና የት እንዳወረደችው ትለያለች። በቀብሩ ዕለት ያለችው ሌላ ነው። ይችን ያለቻት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሰልስቱ፣ ቤት ውስጥ ነው። ያን ዕለት በስልክ የቀዳቻት ጎረቤቷ ትግስት ናት። ቅጅልኝ ያለቻትም ራሷ የሻሽወርቅ፤ ኤደን ስትመጣ እናቷ እንዴት እንደተለቀሰላት ትስማ ብላ።

«ሸጥሽኝ!» አለቻት ደጇ ላይ ቆማ።

«እኔ? በምኔ? ይኸው ስልኬ!»

ቁልፍ ስልክ ናት። ካሤ አገላብጦ አያት። «በዚህች ኢንተርኔት አይገባም» አለ።

የሻሽወርቅ ንቅንቅ አላለችም። «ሚሞሪዋስ? ከእጅሽ ወጥታ አታውቅም?»

ትግስት አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ለጾሙ መዝሙር ጫንልኝ ብዬ ለጌታሁን ሰጥቼው ነበር። ገበያ ደርሼ ስመለስ ተቀበልሁት።»

ሦስቱም ተያይዘው ሄዱ። ጌታሁን መናኸሪያው አጠገብ ሙዚቃ እየጫነ የሚኖር ሰው ነው። ኮምፒውተሩ ፊት እንደተቀመጠ ሳቀባቸው።

«ከቴሌግራም ነው ያወረድኩት። አገር ያወረደውን እኔ ባወርድ ምን ይገርማል?»

«ከማን ቻናል?» አለ ካሤ።

«ረሳሁት።»

«እንግዲያው ኮምፒውተሩን አሳየኝ።»

ጌታሁን እየተለገመ ከፈተው። ለቅሶው ከነጥሬው፣ ከበሮ ሳይገባበት፣ ተቀምጧል። እዚያው ፎልደር ውስጥ የአንድ ሕፃን የክርስትና ፎቶ አለ።

«ልጄ!» ብላ ጮኸች ትግስት። «ይኸ ፎቶ ከኔ ሚሞሪ በቀር የትም የለም!»

የጌታሁን ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«የመጣልኝን ሚሞሪ ሁሉ እገለብጣለሁ» አለ በመጨረሻ። «አዲስ ነገር ካልለጠፍኩ ቻናሌን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ደግሞ እትዬ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ጓዳ ተቀብሮ ይቅር? ስምዎን አስጠራሁልዎት እኮ!»

«ጠየቅኸኝ?»

«ብጠይቅዎት እንቢ ይሉኝ ነበር።»

«አዎ፣ እንቢ እልህ ነበር! እንቢ እንደምልህ ስላወቅህ ነዋ ያልጠየቅኸኝ! ሌባ ማለት ሌላ ምንድን ነው?»

ጌታሁን ማውሱን ጠቅ ጠቅ አደረገ። «ይኸው ከቻናሌም ከዚህም አጠፋሁት።»

«ከባጃጁስ? ከሳጅኑ ወንድምስ?»

ካሤ ስልኩ ያለበትን ኪሱን ዳሰሰ።

ስልኳ ጠራ። የውጭ አገር ቁጥር ነው። ለጌታሁን ዘረጋችለት።

«እንካ። አንተው አርዳት።»

«በማርያም፣ እትዬ... አልችልም።»

«ለዓለም ስታረዳ ችለህ የለም እንዴ!»

ጌታሁን እጁን ወደ ኋላ ሸሸገ። የሻሽወርቅ ስልኩን አንሥታ ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

«አክስቴ፣ አንድ ዘፈን ተላከልኝ» አለች ኤደን። ድምፅዋ ይቆራረጣል። «የእናቴን ስም ይጠራል። የምትዘፍነው አንቺን ትመስላለች። እናቴን ስጭኝ እስቲ።»

የሻሽወርቅ ዓይኗን ከጌታሁን ላይ ሳትነቅል ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ቁጭ በይ፣ ልጄ። አጠገብሽ ማን አለ?»

«ማንም የለም» አለች ኤደን።