የድንጉላው ክስ

ፈረስ ገሪው ጋጣ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ሲገኝ፣ ሁሉም በአንድ አፍ ፈረሱን ከሰሱ። መርማሪዋ ስትደርስ የሟች ታላቅ ወንድም ጠመንጃውን ይዞ ከግቢው በር ላይ ቆሟል።

«ጠመንጃውን ያስቀምጡ» አለችው።

«ወንድሜን የገደለ አውሬ ሲተነፍስ እያየሁ?»

«መጀመሪያ እኔ ልየው።»

የሟች ማጅራት ላይ ያለው ቁስል እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው፤ የብረት ጠርዝና የምስማር ቀዳዳ ምልክት ታትሞበታል። ፈረሱ ጥጉን ይዞ የኋላ እግሮቹን አንፈራጦ ቆሟል። ሰኮናውን አንስታ አየች፤ የብረት ጫማም የምስማር ቀዳዳም የለውም። ጭኑ ላይ የደረቀ ደም ስታይ የእንስሳት ሐኪሙን አስጠራች።

ጠዋት ገበያ ሄዳ የነበረችው የሟች ሚስት ወጥ ቤት ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም፤ ጥርሷን ነክሳለች።

«ፈረሱን ባሌ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ በጡጦ ያሳደገው ነው» አለች። «ሲጎረምስ የታላቅ ወንድሙን፣ የጋሼን ልጅ ጥሎ እግሯን ሰበራት። ጋሼ ይገደል አሉ፣ ባሌ እምቢ አለ። ተኳረፉ።»

«ለምን አላኮላሸውም?»

«ድንጉላነቱ ነዋ ኩራቱ! ‹ድንጉላ ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ ነው፤ ቃሉ ከድንግል ጋር ሳይዛመድ አይቀርም› ይል ነበር። እውነት ይሁን አይሁን እንጃ፤ ያልተነካ ለማለት ነው።»

ጠዋት ሣር ሊያመጣ ሄዶ የነበረው የጋጣ ጠባቂም «ድንጉላው ክፉ አልነበረም» አለ።

ወንድምየው ግን ቁጣው አልበረደም። «ከተኳረፍን ወዲህ ይህን ደጅ አልረገጥኩም። መርዶውን ሰምቼ ብመጣ ከበሩ አላሳልፍ አላችሁኝ። ያንን ሰንጋ ልድፋው፣ አትከልክይኝ!»

ሐኪሙ ሲመጣ መርማሪዋ ጠመንጃውን ከወንድምየው ተቀብላ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች።

«ሟች የተመታው በፈረስ ጫማ ብረት ነው» አለች። «ይህ ፈረስ ደግሞ ጫማ ተመቶለት አያውቅም። ስለዚህ ገዳዩ ሰው ነው። ዶክተር፣ ጠዋት ምን ሠሩ?»

«ፈረሱን አኮላሸሁት። ከሟችና ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ሟችን በደህና ትቼው ምጥ የያዛት ላም ዘንድ ሄድኩ፤ ባለቤቷ እስካሁን አብሮኝ ነበር።»

መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞረች። «ሚስቱም ጠባቂውም ድንጉላ አሉት፤ የሚያውቁት እንደዚያ ነውና። ፈረስ ሰንጋ የሚባለው ከተኮላሸ በኋላ ነው። እርስዎ ደጁን ካልረገጡ መኮላሸቱን ማን ነገረዎት?»

«አፌን አዳልጦኝ ነው።»

«ዕድሜዎን ፈረስ ሲነግዱ ኖረው ድንጉላን ሰንጋ ብለው ያውቃሉ?»

 ፊቱ ደም ለበሰ። «ፈረሱን ልገድል ነው የመጣሁት። ወንድሜ ‹አኮላሸሁት፣ ይብቃህ› አለኝ። ይብቃህ! የልጄ እግር በዚያ ሊድን? ጀርባውን ሲሰጠኝ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የፈረስ ጫማ ብረት አነሳሁ።»

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «‹ፈረሱ ከረጋ ወንድሜ ይታረቀኛል› ብሎ ነው ያስኮላሸው። ሲያዘኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።»

ሚስትየው ተነስታ ወንድምየው ፊት ቆመች። ጋሼ ማለቱ ቀርቷል።

«አንተ» አለችው። «ለልጅህ የምነግራት እኔ ነኝ። ለእሷ ብለህ እንዳልገደልከውም እነግራታለሁ።»