የኦቦ ተሬፋ ኮርማ

ጃለኔና ቀንዓ የተዋወቁት በኮርማ ምክንያት ነው። እሷ አምቦ ከምትሠራበት የከብት እርባታ ላቦራቶሪ ተልካ ካቺሲ ስትደርስ፣ ከዘንድሮ ጀምሮ የመንደሩ ላሞች ሁሉ የሚጠቁበትን ዳለቻ ኮርማ በገመድ ይዞ የጠበቃት እሱ ነበር፤ የባለቤቱ የኦቦ ተሬፋ ልጅ። የዘሩን ናሙና ወስዳ ማይክሮስኮፗን ስታቆም ከኋላዋ መጥቶ ቆመ።

«ማየት ይቻላል?»

«ሳትነካ።»

ጎንበስ ብሎ አየና ሳቀ። «ዋቃዮ! እንደ ገበያ ሰው ይተራመሳሉ እኮ!»

ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። 

ከዚያ ወዲህ ቀንዓን ወደ አምቦ የሚያመጣው ጉዳይ በዛ። አንዴ የበሬ መድኃኒት፣ አንዴ የወፍጮ ቀበቶ። ምሳ ሰዓት ላይ በሩ ጋ ሲቆም ባልደረባዋ ሮዛ «የካቺሲው መጣልሽ!» ትላለች፤ ጃለኔ አንገቷን ትሰብራለች። ክረምቱ ሳይገባ ሽማግሌ ሊላክ ቀን ተቆረጠ።

በበረዶ የቆየው የዳለቻ ናሙና ለዋናው ምርመራ ተራው የደረሰው በዚያው ሳምንት ነው። ዘሩ በደንብ ይዋኛል። ከላሟ እንቁላል ጋር እንዲጣበቅ የሚረዳው ፕሮቲን ግን ከመጠን በታች ነበር፤ ኮርማ ያስረግዝ እንደሆነ አስቀድሞ የሚናገረው ምልክት ደግሞ እሱ ነው። ጃለኔ ደግማ ለካች። ያው ነው።

ቀንዓን ጠርታ ነገረችው።

«አንቺው አይደለሽ፣ በዚህ ምርመራ ከአሥር ኮርማ ሦስቱን እንስታለን ያልሽኝ?»

«ነኝ።»

«በቃ፣ ዳለቻ ከሦስቱ ይሁናላ።»

«ይሁንልኝ። ግን የመንደሩ ሰው ሌላ ኮርማ እንዲፈልግ መንገር አለብኝ።»

«ሽማግሌዎቹ እስኪመለሱ ብቻ፣ ጃሌ። አባቴን ታውቂዋለሽ።»

«ላሞቹ የሚጠቁት አሁን ነው፣ ቀንዓ። ዘንድሮ ባዶ ከሆኑ ከርሞ የልጆቹ ወተት ከየት ይመጣል?»

ነገረች። ኦቦ ተሬፋ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው «የቤቴን ኮርማ መካን ያለች፣ ነገ ልጄንም መካን ትላለች» አሉ። ሽማግሌዎቹ ቀሩ። ጎረቤቶቹ ግን የእሳቸውን ፊት ፈርተው ላሞቻቸውን ወደ ዳለቻ መንዳታቸውን አልተዉም።

ቀንዓ ደወለ። «ላሞቹ ካረገዙ አባቴ ራሱ ሽማግሌ ይልካል። ምሏል።»

ጃለኔም ልሳሳት ብላ መጸለይ ጀመረች። ረቡዕ በቤተ ክርስቲያን የጸሎት ፕሮግራም ላይ አጠገቧ የተንበረከከችው ሮዛ ሰማቻት። «ሥራዬን አበላሽልኝ ብሎ የሚለምን ሰው አይቼ አላውቅም» አለቻት። ጃለኔ አልሳቀችም።

ዝናቡ ካባራ በኋላ የላሞቹን እርግዝና እንድትመረምር ያው እሷ ተላከች። ባለቤቶቹ በአጥሩ ዙሪያ ቆመዋል። ቀንዓ ቀንድ ይይዛል፤ እሷ እስከ ትከሻዋ የሚደርስ ጓንት አጥልቃ፣ በላሞቹ ሆድ ውስጥ ጥጃ በእጇ ትፈልጋለች። ዓይኑ በላሞቹ ጀርባ ላይ ተሻግሮ ፊቷን ይጠብቃል።

«ባዶ ናት።»

«ይቺም ባዶ።»

አንዲት ቀይ ጊደር ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። «አርግዛለች!» አለች፤ ድምፅዋ አመለጣት። ቀንዓ ሊስቅ ሲል የጊደሯ ባለቤት አቀረቀረ።

«እሷ እንኳን… ተደብቄ ከወንዝ ማዶ፣ ጉዩ በሚባል ሰው ኮርማ ነው ያስጠቃኋት።»

የመጨረሻዋ የኦቦ ተሬፋ የራሳቸው ላም ነበረች። ጃለኔ እጇን ቶሎ አላወጣችም። ጣቶቿ ሎሚ የምታህል እብጠት እንኳ ለማግኘት ደጋግመው ዳሰሱ። ላሚቱ ታገሠቻት። ራሷን ነቀነቀች፤ ቀንዓ ቀንዱን ለቀቀ።

ሰዎቹ ላሞቻቸውን እየነዱ ሲወጡ ኦቦ ተሬፋን ቀና ብሎ ያየ አልነበረም። አዛውንቱ ወደ እሷ መጡ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እውነቱ አንቺ ጋ ነበር» አሉ። «ክፉ ሰው አይደለሽም። ግን ምራት ሆነሽ ከገባሽ፣ ማለዳ ማለዳ ፊትሽን ባየሁ ቁጥር ዛሬን አያለሁ። አልችለውም።»

መልስ ሳይጠብቁ ወደ ቤት ገቡ።

«አምቦ እመጣለሁ» አለ ቀንዓ በሹክሹክታ። «ያለ እሱም እንጋባለን።»

ጃለኔ የተዘጋውን በር አየች። «ዛሬ ጎረቤቱ ሁሉ ለአባትህ ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ። አንተም ትሄዳለህ?»

ቀንዓ ጀሪካን አንስቶ ያስታጥባት ጀመር። እጇ ከጸዳ በኋላም ማፍሰሱን አልተወም፤ እሷም እጇን አልሰበሰበችም። 

ከዚያ ውሃው አለቀ።