ከመተማ የመጣው እንግዳ

«አረጋን የገደለው ወርቁ ነው!» አለ ጓድ ፈንታው፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር። ለገናዦቹ ይህንኑ ብሏል፤ አጥር ጥግ ለቆመው ሰው ሁሉ ብሏል። አሁን ደግሞ ከላሊበላ በእግሯ ዳገቱን ለወጣችው ለፖሊሷ አስር አለቃ ሙሉሃብት ይደግመዋል። «ከመተማ ወርቅ ጭኖ መጣ፤ ሌባ ጨረሰው። በቃ!»

«ወርቁን አይተኸዋል?»

«እኔማ አላየሁም። ሰው ሁሉ ይላል።»

«ሰው ሁሉ ካንተ ሰምቶ ነዋ! እስቲ ትንሽ ዝም በልልኝ፣ ሬሳውን ልይበት።»

እንግዳው አረጋ ከአሸተን ማርያም ግርጌ ባለችው የእማሆይ ወለተ ሐና ጎጆ መደቡ ላይ ተጋድሟል። ቀኝ እጁ በበቅሎ ገመድ ተልጦ እስከ ጣቶቹ ጫፍ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ከራስጌው ወለሉ ላይ ቀይ አተላ የቀረበት ጣሳ አለ። ሙሉሃብት ጭነቱን በረበረች። ኮርቻው አልተነካም፤ ሳሙናው፣ አቡጀዲው፣ ሽቶው እንዳለ ነው። አንድ ከረጢት ብቻ አፉ ተፈቷል፤ ጥቁር ቀይ የደረቀ አበባ ሞልቶበታል። ገብስ በአተላው ነክራ ለዶሮ ጣለች። ዶሮዋ ብዙም ሳትቆይ ተንፈራግጣ ቀረች።

«የአይጥ መርዝ ያለው ማን ቤት ነው?»

«ሁሉም ቤት» አለ ፈንታው። «በክረምቱ እኔው ነኝ ያደልኩት።»

ሙሉሃብት ድሮ መተማ ፍተሻ ላይ ሠርታለች፤ ከተማዋን ታውቃታለች። በአንድ ቦይ ላይ የተጋደመች ድልድይ ሁለት አገር አድርጋ የከፈለቻት ከተማ ናት። ንጉሥ ወድቆባታል፤ ገበያዋ ነዶ አመድ ሆኗል፤ አመዱ ሳይበርድ ድንኳን ተክለው ደግሞ ተገበያይተውባታል። ከዚህ ቡና፣ ሰሊጥና ሰም ይሻገራል፤ ከወዲያ ስኳርና ጨርቅ ይመጣል። መንግሥት ንግዱን ኮንትሮባንድ ብሎ ስሙን ቢለውጠውም ግመሉ መንገዱን አልለወጠም። ደጋው በተራበ ቁጥር ደግሞ ሴት ልጁን ወደዚያ ይሰዳል። ጠላ ጠምቃ፣ የማታውቀውን ወንድ አሳድራ ነፍሷን ታቆያለች። ተመልሳ የመጣች እንደሆነ ግን መተማን አየሁ ብላ አፏን አትከፍትም።

በቅሎውን ያከራየው ጋሻዬ አጥሩ ሥር ተኮራምቶ ተቀምጧል።

«ከፍላቂት ነው አብሬው የመጣሁ። መተማን በዓይኔ አላየሁም።»

«ምን ፈልጎ መጣ?»

«አልነገረኝም በማርያም» አለና ፊቱን አዞረ። ሙሉሃብት የሚያውቀው ነገር እንዳለ ገባት፤ የፍርሃቱ ዓይነት ግን የገዳይ አልመሰላትም።

እማሆይ ወለተ ሐና መቋሚያቸውን ተደግፈው መለሱላት። ከልጅነታቸው ወንድ ያልነካቸው ድንግል መነኩሴ ናቸው ተብሎ ከብልባላ ድረስ ሙሽሮች እጃቸውን ሊሳለሙ ይመጣሉ።

«ደክሞት ገባ፤ አሳደርኩት። ያን ቀይ ነገር ከከረጢቱ አውጥቶ ራሱ አፍልቶ ጠጣ። እኔ ጸሎት ላይ ነበርኩ። የዚያን ነገር ስሙንም አላውቀው ልጄ።»

ሙሉሃብት ጓሮ ወጥታ የአመዱን ክምር በእንጨት ጫረች። ስትመለስ ሦስቱን ከጥዱ ጥላ ሥር አስቀመጠቻቸውና ከከረጢቱ በየሰፌዱ ዘገነችላቸው።

«እኔ ሳወራ እናንተ ልቀሙልኝ።»

«እኔ ሊቀመንበር ነኝ እኮ!» አለ ፈንታው።

«ሊቀመንበርም እጅ አለው። ልቀም!»

ፈንታው በርበሬ መስሎት ጭራ ጭራውን ይቀነጥስ ጀመር። ጋሻዬ አሽቶ አሸተተው።

«ወርቅ የሚባል ነገር የለም» አለች ሙሉሃብት። «ሌባ ቢሆን ኖሮ ኮርቻውን ይተረትር ነበር። ገዳዩ ከአረጋ ዕቃ ምንም አልፈለገም። መርዙ በሁሉም ቤት አለ፤ መጠጡን የሚያውቅ ግን በሁሉም ቤት የለም። ይኼ ከርከዴ ነው፤ በመተማ በኩል ፍሬውን አውጥተው እንደ ሻይ አፍልተው የሚጠጡት አበባ። ኮምጣጣ ስለሆነ የመርዙን ምሬት ይሸፍናል። አረጋ ራሱ አፈላው እንዳንል፣ አመዱ ላይ የተጣለው አተላ ፍሬው አንድ በአንድ ተፈልቅቆ ወጥቷል። እጁ የተጠቀለለ ሰው ያንን አይፈለቅቅም፤ ቢሞክር እንኳ ጨርቁ በቀላ ነበር። ጨርቁ ነጭ ነው። ያፈላው ሌላ ሰው ነው፤ መተማ የኖረ ሰው።»

ወሬዋን አቁማ ወደ እማሆይ ሰፌድ አየች። ሁሉም አዩ። የእማሆይ አውራ ጣት የእያንዳንዱን አበባ ግርጌ ጫን ይላል፤ ፍሬው ቱር ብሎ ይወጣል፤ ልባሱ አንድ ወገን፣ ፍሬው አንድ ወገን። ሐሳባቸው ወሬው ላይ ስለነበር ጣታቸው የራሱን ሥራ ይሠራ ነበር። ዝምታው ሲያነቃቸው እጃቸውን አዩት።

«ስሙን የማያውቁትን ነገር ጣትዎ ከየት አወቀው፣ እማሆይ?»

«እማሆይንማ!» ብሎ ሊነሳ ነበር ፈንታው። እማሆይ በእጃቸው አስቀመጡት።

«ተወኝ ልጄ። በረሃብ ዘመን ሄጄ ነበር። መጠጥ ቤት አገለገልኩ። ሴት ልጅ ወለድኩ፤ ኡሙሀኒ ለምትባል ጎረቤቴ ሰጥቻት መጣሁ። ቆቡን ሳጠልቅ ድንግል ነኝ አልኩ፤ አመኑኝ። ይኸው ሰው ሁሉ እጄን ይስማል። ሌላ ምን አለኝ? ይህ ሰው "ከመተማ መልእክት አለኝ፣ ለብቻዎ ነው" ሲለኝ ምስጢሬን ይዞ ሊነግድብኝ የመጣ መሰለኝ። መጀመሪያ ጉሮሮህን አርጥብ አልኩት።»

ጋሻዬ ሰፌዱን ጣለና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። 

«ምን ሆነሃል?» አለች ሙሉሃብት።

«የአረጋ ሚስት ፍላቂት ናት፣ እህቴ ቤት። ነፍሰ ጡር ናት። ከመተማ የመጣን ሁሉ ሰርጎ ገብ እያሉ ስለሚያስሩ አታውራ ብሎ አስምሎኝ ነው። ኡሙሀኒ የምትባል ሴት እንዳሳደገቻት ነግራኛለች። መልእክቱ ለማን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም፤ ባውቅማ...»

እማሆይ መቋሚያቸውን ለቀቁት።

«መልእክቱ ምን ነበር?» አለች ሙሉሃብት።

«እናቷ ከፈቀደችላት ደጇ አጠገብ ጎጆ ቀልሳ ልትኖር ነው። ውሃ ልቅዳላት፣ እንጨት ልልቀምላት ነው የምትለው። ልጇ ነኝ ብላ ለማንም ላትናገር በቁርባን ምላለች።»