ከሦስተኛው ጋን አርፈው የወጡት

ነሐሴ ላይ ስኳር ፋብሪካው ሲቆም ዝምታው ራሱ ድምፅ አለው። ዘጠኝ ወር ሙሉ ሸንኮራ ሲያደቅ የከረመው ወፍጮ ጸጥ ብሎ፣ ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር እርግቦች ብቻ እያጉተመተሙ፣ የተቃጠለ ስኳርና የእርጥብ ብረት ሽታ ግን ከግድግዳው አልለቅ ብሎ፣ ኢንጂነር ብርዛፍ እንደ ወትሮዋ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከቢሮዋ ወጥታ አራቱን ጋኖች አንድ በአንድ ትዞራቸዋለች። ጋን የሚሏቸው ሠራተኞቹ ናቸው። የሸንኮራው ጭማቂ እየፈላ ውሃው የሚተንባቸው፣ ባለ አንድ ፎቅ ቤት የሚያክሉ የብረት በርሜሎች ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ሆድ ውስጥ ሁለት ሺህ ያህል ቀጫጭን ቱቦዎች ቀጥ ብለው ተደርድረዋል። ጭማቂው በቱቦዎቹ ውስጥ ያልፋል፣ እንፋሎቱ ከውጭ ያሞቃቸዋል። ጭማቂው ባለፈበት ሁሉ ቅርፊት እየጣለ ስለሚሄድ ክረምት በመጣ ቁጥር ያንን ቅርፊት ማስለቀቅ ግድ ነው፤ በምን ዘዴ እንደሚለቅ መወሰን ደግሞ የብርዛፍ ሥራ ነው።

ደክሟታል። ሦስት ዓመት ፈቃድ አልወጣችም፤ ድካሟም አንድ ቀን ቢተኙለት የሚለቅ ዓይነት አልነበረም፣ ከአጥንቷ ጋር ተስማምቶ የተቀመጠ ነበር። ጠዋት ጫማዋን ልታስር ስታጎነብስ እንዳጎነበሰች ትቆይና ለምን እንዳጎነበሰች ይጠፋባታል።

በዚያ ዓመት ያስቸገራት ሦስተኛው ጋን ነው። ሌሎቹ በወር የሚይዙትን ቅርፊት እሱ በሳምንት ይይዛል። ከአንዱ ቱቦ አፍ ጥቂት ፍቃ በወረቀት ጠቅልላ ላቦራቶሪ ለምትሠራው ለሙላቷ ሰጠቻት፤ ከሰዓት በኋላ ስትመለስ የላቦራቶሪው መስኮቶች ሁሉ ተከፍተው አገኘች።

«ይሄ የለመድነው ቅርፊት አይደለም» አለች ሙላቷ። «አሲድ ውስጥ ከተትኩት፣ ዝም አለ። ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ቀቀልኩት፣ ለሰለሰ እንጂ አልሟሟም። እሳት ሳስነካው ግን፣ ይኸው ይሸትሻል አይደል?»

ይሸታል። ፀጉር ሲቃጠል የሚሸተው ሽታ ነበር።

«የሸንኮራ ቅጠል ገብቶበት ይሆናል» አለች ብርዛፍ።

«ይሆናል» አለች ሙላቷ፤ ወረቀቱን ግን በእስክሪብቶ ጫፍ ገፋ አድርጋ ከፊቷ አራቀችው። ወረቀቱ ላይ የቀረችው ስባሪ ስስ ነበረች፣ ጎበጥ ያለች፣ ብርሃን የምታሳልፍ፣ በላይ በላዩ የተደራረበች። ብርዛፍ ሳታስበው የራሷን አውራ ጣት ጥፍር ተመለከተችና ወረቀቱን አጠፈችው።

ማታውን ከቢሮዋ ሳትወጣ ዘዴዎቹን አወጣች አወረደች። አሲዱን ወዲያው ሰረዘችው፤ ቅርፊቱን ሳይነካ ቱቦውን ይበላል፣ ትነቱም የሰው ሳንባ ያቃጥላል። የሚሻለው በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ውሃ ነበር፤ ቀጭን የብረት ቧንቧ ከጋኑ አናት በማሽን ወደ እያንዳንዱ ቱቦ ይወርዳል፣ ማንም ሰው ውስጥ አይገባም። ውሃው ከቅርፊት አልፎ ሥጋና አጥንት የሚቆርጥ ስለሆነ መግባትም አይቻልም። ማሽኑ ግን ከሌላ ፋብሪካ የሚመጣ ነው፣ ዐሥር ቀን ይፈጃል። ስለዚህ በሶዳው ጀመረች።

ስምንት ሰዓት ሙሉ ተቀቀለ። ስድስተኛው ሰዓት ላይ ጋኑ ከሆዱ ውስጥ፣ ከበድ ባለ ነገር ሥር የተኛ ሰው ሲገላበጥ የሚያሰማውን የመሰለ ረጅምና ዝቅ ያለ ድምፅ አሰማ። እርግቦቹ ከጣሪያው ተነሥተው ወጡ፤ በዚያ ቀን አልተመለሱም። ፓምፑ ላይ ያሉት ሰዎች እንፋሎት ነው አሉ፣ እሷም እንፋሎት ነው አለች። ሶዳው ተለቅቆ፣ በውሃ ታጥቦ፣ ሲከፈት ቅርፊቱ እንዳለ አለ። ብቻ ጠይምነቱ ለቆ፣ ቁስል ሲሽር ከሥሩ እንደሚወጣው አዲስ ቆዳ ሐምራዊ ሆኗል።

የቀረው በሰው እጅ መፋቅ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ማሽኑ እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም ስላለ የመግቢያ ፈቃዱን ፈረመች፤ አየር የሚነፋ ማራገቢያ ይኑር፣ አየሩ ይለካ፣ ማንም ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቆይ፣ የገባና የወጣውን የፈረቃ ጸሐፊው ዘርጋው የጋኑ አፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይመዝግብ ብላ ጻፈች። የመፋቂያውን ብሩሽ የያዙት አራት ሰዎች ነበሩ፣ አለቃቸው ጋሽ ላምቤቦ። ሠላሳ ዓመት በእነዚህ ጋኖች ሆድ ውስጥ ተንበርክኮ የኖረ፣ ሲሄድ ወገቡ ቀጥ የማይል፣ ሳሉ ከሩቅ የሚለይ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ሁለት ደረቅ፣ ቀጥሎ አንድ ረጅም፣ ከዚያ እንደ ማፏጨት ያለ።

«አንቺ ልጅ፣ ፊትሽ ከእኛ ብሶ ጠቁሯል» አላት ከመግባቱ በፊት። «ሂጂና ተኚ እንጂ። ጋኑ የትም አይሄድ።»

«ማሽኑ ሲመጣ እተኛለሁ፣ ጋሽ ላምቤቦ።»

ትከሻውን አጥብቦ በክቡ የመግቢያ ቀዳዳ ሾልኮ ገባ፤ ሦስቱ ተከተሉት።

በዚያ ሙቀት ውስጥ የቆየ ሰው ሲወጣ እግሩ ይብረከረካል፣ መሬት ላይ ተዘርግቶ ውሃ ይጠይቃል። እነዚህ ግን ግማሽ ሰዓት ሲሞላ አንድ በአንድ ቀጥ ብለው ወጡ። ፊታቸው ላይ ያለው ጥቀርሻ ያው ነበር፣ ከጥቀርሻው ሥር ያለው ፊት ግን ረጅም እንቅልፍ ተኝቶ እንደ ነቃ ሰው ፊት ለስልሷል። ውሃ የጠየቀ የለም።

«እንዴት ነው ውስጡ?» አለች።

«ጥሩ ነው» አለ ጋሽ ላምቤቦ። «ያሳርፋል።»

ሥራው ተፋጠነ። ሁለት ሳምንት ይፈጃል ያለችው በአራት ቀን ተጋመሰ፤ በሪፖርቷ ላይ «ውጤታማ» ብላ ጻፈች። ምሳ ሰዓት ላይ ግን አራቱ ሰዎች እንደ ድሮው በአንድ ሣህን ከበው አይቀልዱም ነበር፤ ግድግዳው ሥር በተርታ ቁጭ ብለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የሦስተኛውን ጋን አፍ ያያሉ። ብርዛፍ ከቢሮዋ መስኮት ታያቸዋለች። የሆነ ነገር ጎድሏል፣ ምን እንደሆነ ግን ሁለት ቀን ሙሉ አልመጣላትም፤ በሦስተኛው ቀን በአጠገባቸው ስታልፍ ገባት።

«ሳሉ ተሻለዎት፣ ጋሽ ላምቤቦ?»

«የትኛው ሳል?» አለ። ፈገግ ብሎ ወገቡን ቀጥ አድርጎ ተነሣላት። «እርስዎ ግን ደክሞዎታል፣ ኢንጂነር። ለምን አንድ ጊዜ ገባ ብለው አያዩትም?»

እርስዎ ብሏት አያውቅም ነበር።

በዚያው ቀን ዘርጋው መዝገቡን ሊያስፈርማት መጣ። አራት ገቡ፣ አራት ወጡ፤ በየገጹ አንድ ዓይነት ነው። ከፈረመችለት በኋላ አልሄደም።

«ምነው?»

«ሰዎቹ ከወጡ በኋላም ብሩሹ ይሰማኛል» አለ ዘርጋው ወለሉን እያየ። «ትናንትም ዛሬም። ሄጄ በባትሪ አየሁ፤ ሰው የለም። ድምፁ ግን አላቆመም። ቀስ ብሎ ነው የሚፍቀው፣ ደክሞት እንደሚሠራ ሰው።»

«ብረት ሲቀዘቅዝ ይጮኻል፣ ዘርጋው።»

«እሱስ ይጮኻል» አለ።

በስምንተኛው ቀን ጥበቃው ከበር ደውሎ አንዲት ሴት እንደምትፈልጋት ነገራት። የጋሽ ላምቤቦ ባለቤት ወይዘሮ ዳምነች ነበረች፤ ነጠላዋን አፏ ድረስ ሸፍና ከበሩ ውጭ ቆማለች። ግቢ ብትባል እንቢ አለች።

«ታመሙ እንዴ?» አለች ብርዛፍ።

«አልታመመም። ደህና ነው፣ በጣም ደህና ነው። አይስልም፣ አይቆጣም፣ ያበሰልኩትን ሁሉ አመስግኖ ይበላል።»  ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ትናንት የልጆቻችንን ስም ጠየቀኝ። አንድ በአንድ። ስነግረው እንደ ተማሪ እየደገመ ያዘው። እና ምን ልበልሽ እኔ፣ ባሌ የት ነው ብዬ ነው የመጣሁት።»

 የሶዳ ትነት አንዳንድ ጊዜ ጭንቅላት ላይ ይወጣል፣ ሐኪም ዘንድ እልካቸዋለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማንንም አላስገባም አለቻት ብርዛፍ፤ የመጨረሻውን ከልቧ ነበር ያለችው። ቢሮዋ ተመልሳ የመግቢያ ፈቃዱን ቀደደች።

ማሽኑ በማግስቱ ጠዋት ደረሰ። ከሌላው ፋብሪካ ከመጡት ባለሙያዎች ጋር ቧንቧውን ጋኑ አናት ላይ ሲተክሉ እስከ ስምንት ሰዓት ዋሉ። አራቱ ሰዎች ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ቱቦ ያቀብላሉ፣ ብሎን ያጠብቃሉ፤ ጋሽ ላምቤቦ ፓምፑ አጠገብ ቆሞ ማስነሻው ላይ እጁን ጣል አድርጓል። ፓምፑ ሳይነሣ በፊት ጋኑ ባዶ መሆኑን በዓይኗ አይታ መፈረም ያለባት እሷ ነች። ውስጥ መግባት አያስፈልግም፤ ከቀዳዳው በባትሪ ማየት ይበቃል።

ጭንቅላቷን አስገባች። ጨለማው ለብ ያለ ነበር፤ ያ የተቃጠለ ፀጉር ሽታ በስሱ አለበት። በባትሪዋ ዞር ዞር ብላ አየች። የቱቦዎቹ አፎች ከታች እንደ ማር እንጀራ ተደርድረው ጥቁር ጥቁር ሆነው ይታያሉ። ባዶ ነው። ጭንቅላቷን ልታወጣ ስትል ከሥር ሳል ሰማች። ሁለት ደረቅ፣ ቀጥሎ አንድ ረጅም፣ ከዚያ እንደ ማፏጨት ያለ።

ዞር ብላ ወደ ውጭ አየች። ጋሽ ላምቤቦ ፓምፑ አጠገብ እንደቆመ ነው። አፉን ገጥሞ፣ ረጋ ብሎ ያያታል።

ሳሉ ተደገመ።

ሁሉንም አቁሙ ማለት ነበረባት፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ለእነዚያ ባለሙያዎች ምን ብላ ታስረዳለች? አንድ ጊዜ አይታ፣ በእጇ ዳስሳ፣ ምክንያቱን ይዛ ትወጣለች።

«ልግባና ላረጋግጥ» አለችው ዘርጋውን። ዘርጋው ሰዓቱን አይቶ ስሟን ጻፈ።

ውስጡ ከውጭ እንደሚታየው ጠባብ አልነበረም። ማራገቢያው ከቦታው ስለተወሰደ አየሩ ቆሟል፤ ከእግሯ ሥር ከሁለት ሺህ ቱቦዎች ለብ ያለ ነገር ወደ ላይ ይተነፍሳል፤ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። ተንበርክካ ባትሪዋን አንዱ ቱቦ አፍ ላይ ደቀነች። ብርሃኑ ትንሽ ወርዶ ጠፋ።

«አንቺ ልጅ» አለ ከታች፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ፈረቃው አላለቀም እንዴ?»

መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ከጎን ካለው ቱቦ ሌላ ሰው ሲቃ አሰማ፣ ከራቀው ደግሞ ብሩሽ ሁለት ጊዜ ፍቆ ቆመ። ልነሣ አለች።  የሦስት ዓመቱ ድካም ሁሉ ባንዴ ወደ እግሯ የወረደ መሰላት፤ ለአንድ አፍታ ብቻ ብላ ግንባሯን ብረቱ ላይ ጣል አደረገች። ብረቱ አልቀዘቀዛትም። ያን ጊዜ ከጀርባዋ አንድ ቀላል ነገር፣ ካፖርት ከትከሻ ላይ እንደሚነሣ፣ ከላይዋ ብድግ አለ። ድካሙ ለቀቀኝ ብላ ደስ ሊላት ሲል ክብደቱ ከእሷ ጋር እንዳለ፣ የተነሣው ሌላ እንደሆነ አወቀች። ባትሪዋ ከእጇ ሄደ። የጎማ ጫማ ብረቱን ረግጦ ወደ ቀዳዳው ሲራመድ ሰማች፣ ግራውን ትንሽ ጎተት የሚያደርግ፣ የራሷ አረማመድ። የቀዳዳው ብርሃን ለቅጽበት ተጋረደ፣ ከዚያ ተመልሶ በራ፤ ግን ክቡ ብርሃን አሁን በጣም ሩቅና በጣም ትንሽ ነበር፣ አንድ ቱቦ የሚያክል። ዘርጋው ብላ ልትጮህ ሞከረች፤ ከጉሮሮዋ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ሆነ።

«ወጡ ኢንጂነር?» አለ ከውጭ ዘርጋው፤ እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲጫጫር ተሰማት።

ከዚያ የገዛ ድምፅዋ፣ አንዳች ድካም የሌለበት፣ ጥርት ብሎ፣ «ውስጥ ማንም የለም፤ ውሃውን ልቀቁት» ሲል ሰማች።